የአንጓች ድድ

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። ባወራሁት ቁጥር ግን አንዲት ቦታ ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ። ሰሚው አይነቃብኝም፤ እኔ ግን እነቃለሁ። ዛሬ ሳልዘል ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ፤ አንብባችሁ ብትፈርዱብኝ አልቀየምም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ወረታ ላይ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር። ከቁሐር ሚካኤል ወጥቼ ከተሜ በመሆኔ ልቤ አብጦ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከቤታችን የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ሐኪም የተናገረውን ለእናቴ የማስረዳው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

ታናሽ እህቴ አንጓች በአሥራ ስድስት ዓመቷ የሚጥል በሽታ ጀመራት። ጸበል አስጠመቅናት፤ አልተዋትም። በኋላ ወረታ ሐኪም ዘንድ አቀረብኳትና ፌኒቶይን የሚባል ኪኒን ታዘዘላት። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጣላትም። እሷ ከቁሐር በጭቃ እንዳትመላለስ ብዬ በየወሩ ኪኒኑን የማወጣላትም የማደርስላትም እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ «እህት ማለት እንዲህ ነው» ይለኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ድዷ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ በጥርሶቿ መሐል ትንንሽ ሥጋ ብቅ ብቅ አለ። ቀስ እያለ ከላይ ወረደ፣ ከታች ወጣ፤ የፊት ጥርሶቿን እኩሌታ ሸፈናቸው። በመፋቂያ ስትነካው ይደማል። ስለሚደማ መፋቅ ተወች፤ መፋቁን ስትተው ደግሞ ባሰበት። አንጓች ሳቂታ ነበረች። እየቆየች መሳቅ ስትፈልግ ነጠላዋን አፏ ላይ ትጭን ጀመር፤ በመጨረሻም ሳቁንም ነጠላውንም ትታ ዝም አለች።

በዚህ መሐል ከማዶ ቀበሌ ሽማግሌ ተላከላት። ልጁ ደህና ገበሬ ነው፣ በሩዝም በከብትም የማይታማ። የእሱ እናትና አክስት ለመስቀል መጥተው ልጅቱን ሊያዩ ቀጠሮ ተያዘ። በሽታዋን እንደሆነ ለማንም ተንፍሰን አናውቅም። ድዷን ግን ምን አድርገን እንደብቀው?

ከመንደራችን ዳር ሸክላ የሚሠሩ እማማ ጥሩ የሚባሉ ሴት አሉ። እማማ ጥሩ የምላቸው አሁን ነው። ያኔ ጥሩ ነበሩ፣ ባዶ ጥሩ። ከእናቴ በዕድሜ የሚበልጡትን ሴት «አንቺ» እላቸው ነበር፤ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ መንደሩ በሙሉ እንዲያ ነው የሚላቸው። በድስታቸው ወጥ እንሠራለን፣ በበዓል ቀን ግን ቤታችን አንጠራቸውም። ሸክላ ሠሪ ናቸውና ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ድድ መንቀስም ያውቁ ነበር። የእናቴን ጥቁር ድድ በልጅነቷ የነቀሷት እሳቸው ናቸው። የመንደሩ ሴት ሁሉ አፏን ለመርፌያቸው ከፍታ ስታበቃ ዓይናቸውን መፍራቷ ይገርመኛል፤ ያኔ ግን አልገረመኝም።

እኛ ዘንድ ያበጠ ድድ ሲነቀስ መጥፎው ደም ወጥቶ ይጎድላል፣ ይጠነክራልም ይባላል። በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ አንጓችን ይዤ ሄድኩ።

«ጥሩ፣ አለሽ?» አልኩ ከደጅ ሁኜ።

«አለሁ፣ ግቡ።»

«ድዷን ንቀሽልኝ። ለመስቀል እንግዳ አለብን።»

እጃቸውን ከጭቃው ታጠቡና የአንጓችን ፊት ወደ ፀሐይ አዞሩት። ከንፈሯን ገለጥ አድርገው ድዷን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ብዙ ቆዩ።

«ኪኒን ትውጫለሽ እንዴ የኔ ልጅ?»

አንጓች ወደ እኔ አየች። «ለራስ ምታት ነው» አልኩ ቀደም ብዬ።

እማማ ጥሩ ፈገግ አሉ። «እህሳ! ምን ያለ ራስ ምታት ነው እንዲህ የከረመ? የአክስቴ ልጅ እንዲሁ ሁና አይቻለሁ። ይህ የደም ድድ አይደለም፣ የኪኒን ድድ ነው። መርፌ ባገባበት ደሙን የማቆምበት የለኝም። እኔ አልነካውም። ይዘሻት ሂጂና ኪኒኑን ለሰጧት ሰዎች አፏን አሳዪያቸው።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር በጆሮዬ የቀረው «የኪኒን ድድ» የሚለው ብቻ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ አሰብኩት፤ ድዱን ያመጣው ኪኒኑ ከሆነ ኪኒኑ ሲቀር ድዱም ይቀራል። ደግሞስ ሦስት ዓመት ያልጣለው በሽታ አለ ይባላል? ድናለች። ሐኪም ብጠይቅ «አታቋርጡ» ማለቱ አይቀርም፣ መስቀል ደግሞ አይጠብቀኝም። እንዲህ እያልኩ ብቻዬን መረመርኩ፣ ብቻዬን ፈረድኩ።

በሳምንቱ ባዶ እጄን መጣሁ።

«መድኃኒቱስ?» አለች አንጓች።

«ጠፍቷል። የለም አሉኝ።»

«ውይ እታለም! እኔ ዘንድ አራት ፍሬ ብቻ ናት ያለችው።»

«እሷን ጨርሻት። አይዞሽ፣ ድነሻል እኮ።»

«ሐኪሙ እንዳታቋርጪ ብሎኝ ነበር።»

«ሐኪሙ ያለሽ ሲጥልሽ ነው። አሁን ማን ጣለሽ?»

እሺ አለች። እኔን እሺ ሳትል ቀርታ አታውቅም። ኪኒኑ ግን አልጠፋም ነበር፤ የወሩ ድርሻዋ ሳይጎድል በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክሩ ሥር ተቀምጧል።

ጳጉሜን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሱቄን ዘግቼ ለዘመን መለወጫ ወደ ቁሐር ወረድኩ። አንጓች ኪኒኗን ከጨረሰች ሳምንት አልፏታል። ጠዋት ጠዋት ትንሿን መስታወት ይዛ ትመጣና ከንፈሯን ገልጣ «ጎደለልኝ?» ትለኛለች። «ጎድሏል» እላታለሁ። አንዲት ስንጥር አልጎደለም።

በጳጉሜን ሁለተኛ ቀን ሩዝ ልናርም ወደ ማሳችን ወጣን። እናቴ ለበዓሉ ሽር ጉድ ስትል እቤት ቀረች። ሜዳው ዳር እስከ ዳር ውሃ ተኝቶበታል፤ የእኛ ማሳ ላይ ያለው ግን ቁርጭምጭሚት አይሞላም። ጎረቤቶቻችን ከእኛ ራቅ ብለው ያርማሉ፤ ከእነሱ ጋር ሽማግሌ ከላከው ልጅ ወገን የሆነች አንዲት ሴትም አለች። እማማ ጥሩ ከማሳው ራስጌ፣ ከደረቁ ቦታ፣ የሸክላ አፈር ይቆፍራሉ።

አንጓች ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብላለች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ «እታለም፣ እጄን አንድ ነገር ነዘረኝ» አለችኝ። «ውሃው ቀዝቅዞብሽ ነው» አልኳት። ወዲያው ስልኬ ጠራ። የልጁ አክስት ናት፤ ለመስቀል ስንት ሰው ሆነው እንደሚመጡ ልትነግረኝ። ድምፅዋ ይቆራረጣል፤ እንዲሰማኝ ብዬ ወደ ድንበሩ ወጣሁና ጀርባዬን ለማሳው ሰጥቼ ቆምኩ። ስለ ልጅቱ ጠባይ ጠየቀችኝ። እኔም ማሞገሱን ተያያዝኩት፤ ጤነኛ፣ ሠራተኛ፣ ሳቂታ ናት አልኳት።

ከኋላዬ የውሃ መንቦጫረቅ ሰማሁ። ሰው የሚሮጥ መሰለኝ። ዞር ስል አንጓች የለችም።

እማማ ጥሩ ዶማቸውን ጥለው በማሳው መሐል ይሮጣሉ። ሩዙ ተጋድሞ ከሚንቀጠቀጥበት ቦታ ሲደርሱ በጉልበታቸው ወደቁ። አንጓች በግምባሯ ተደፍታ ኖሯል። ቁርጭምጭሚት በማይሞላ ውሃ ውስጥ ሰው ይሰጥማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ገለበጧት፣ ከብብቷ ይዘው እየጎተቱ ከድንበሩ ላይ አወጧት። እኔ ስልኩ በእጄ እንዳለ ቆሜያለሁ፤ አክስትየዋ ውስጡ ሆና «ሀሎ! ሀሎ!» ትላለች።

እማማ ጥሩ አንጓችን በጎኗ አስተኟት። እንዳለች ትንቀጠቀጣለች። መንቀጥቀጡ ረገብ ሲል በጣታቸው ጭቃውንና ሣሩን ከአፏ ያወጡ ጀመር። ምላሷን ነክሳዋለች፣ ያ ያበጠው ድዷም ተቧጥጦ ይደማል። ጎረቤቶቻችን የደረሱት ይሄኔ ነው። እነሱ ያዩት ሸክላ ሠሪዋ በእህቴ ላይ ተደፍታ፣ እጇን አፏ ውስጥ ከትታ፣ ጣቷ ደም ሆኖ ነው።

«በላቻት!» አለች አንዷ። «ኧረ የሰው ያለህ! በላቻት!»

አያ ደሴ የሚባለው አጎታችን ዱላውን አንሥቶ መጣ። «አንቺ መዓተኛ! ባለፈው ወስደው አፏን ያሳዩሽ ጊዜ ነው የተመኘሻት! እንትፍ በዪባት!»

ለማያውቅ ልንገረው። እኛ ዘንድ ቡዳ የበላው ሰው የሚለቀው የበላው ራሱ እንትፍ ሲልበት ነው ይባላል። እንትፍ ያለ ሰው ግን «አዎ፣ የበላሁ እኔ ነኝ» እንዳለ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ስሙን የሚያጥብለት ውሃ የለም።

«ልጅቱ ውሃ ጠጥታለች» አሉ እማማ ጥሩ። «ወደ ሐኪም አድርሷት። እኔን ኋላ የምታደርጉኝን ታደርጉኛላችሁ።»

«እንትፍ ሳትዪ ከዚህ ንቅንቅ የለም!»

አንጓች ታጣጥራለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። እማማ ጥሩ ዓይናቸውን ከሰው ሁሉ ላይ አንሥተው እኔ ላይ አሳረፉት። «አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ ቀስ ብለው። «የኪኒኑን ነገር ንገሪያቸው እንጂ።»

ዘልዬ የማልፈው ይህን ነው። ከልጁ ወገን የሆነችው ሴት አጠገቤ ቆማለች፤ አፌን ታያለች። በሽታውን ብናገር ጋብቻው ቀረ። ኪኒኑን ብናገር ደግሞ እህቴን የጣልኳት እኔ ሆንኩ። ዝም ብል እንኳ አንድ ነገር ነበር፤ እኔ ግን ዝም አላልኩም።

«ጥሩ፣ እንትፍ በዪላት!» ብዬ ጮህኩ።

እማማ ጥሩ ጥቂት አዩኝና ወደ አያ ደሴ ዞሩ። «እንትፍ ካልኩ ታነሷታላችሁ?»

«እናነሳታለን።»

ጎንበስ ብለው «እንትፍ» አሉባት። ሕዝቡ «ይኸው! ይኸው!» አለ። ወዲያው ቃሬዛ ተሠራ፤ ሮጡ። እኔም ተከትዬ ሮጥኩ። ወደ ኋላዬ አላየሁም።

ከመንገዱ በባጃጅ ወረታ ደረስን። እናቴም ሰምታ እየጮኸች ደረሰች። አንጓች ሐኪም ቤት ገብታ ዳግመኛ ጣላት፤ በመርፌ አቆሙላት፣ አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አደረጉላት። ውሃው ሳንባዋ ገብቷልና እስከ ነገ ሳናይ ምንም አንልም አሉን። እስከ ነገ እንዴት እንደዋልኩና እንዳደርኩ አልነግራችሁም፤ ብቻ ስለቴ ሁሉ እሷ እንድትተርፍ እንጂ እኔ እንድናገር አልነበረም።

በማግስቱ ዓይኗን ገለጠች። ሐኪሙ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው፣ አልጋው አጠገብ ቆሞ ጠየቀን።

«መድኃኒቷን ትወስድ ነበር?»

«ጠፋ ተብሎ ነው ዶክተር» አለች እናቴ። «ደግሞም መድኃኒቱ አይደለም፤ ሰው በልቷት ነው።»

«የቱ መድኃኒት ነው የጠፋው? ፌኒቶይን?» ካርዷን አገላበጠ። «እኛ ዘንድ አንድም ቀን አልጠፋም እኮ። እንዲያውም የዚህን ወር ተወስዷል።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። አንጓች ትራሷ ላይ እንዳለች አንገቷን አዞረች።

«እታለም» አለች በሰለለ ድምፅ፣ «አለ እንዴ?»

ተነሥቼ ሄድኩ። ከመሳቢያዬ፣ ከክሩ ሥር፣ ኪኒኑን አውጥቼ መጣሁና አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩት። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ሐኪሙ ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ድዷን አየ። «ይህ እኮ መድኃኒቱ የሚያመጣው ነው፤ እናውቀዋለን። ጥርሷን በደንብ ካጸዳች ይቀንሳል፤ ካልሆነም በሌላ መድኃኒት ቀስ በቀስ እንቀይርላታለን፤ የተረፈውን የጥርስ ሐኪም ይቆርጠዋል። በድንገት ማቋረጥ ነው የሚገድለው።» ከዚያ ካርዷን እያየ ጠየቀ፤ «ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አፏን አላሳያችሁንም?»

አላሳየንም። በየወሩ ኪኒኑን የማወጣው እኔ ነኛ! «እህት ማለት እንዲህ ነው» የተባለልኝ እኔ በሐኪሙና በአንጓች አፍ መሐል ቆሜ ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን አያ ደሴ ለእናቴ ደወለ። «አይዟችሁ፣ ደማችሁን መልሰናል» አለ። «የጥሩን ሸክላ አንድ ሳናስቀር ሰባብረንላታል። ለዘመን መለወጫ ከመንደራችን ውጪ ብለናታል።»

በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ ቁሐር ወረድኩ። እማማ ጥሩ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገል ይለቅማሉ። ለበዓል ገበያ ያዘጋጁት ሁሉ ነበር፤ ድስቱም፣ ገንቦውም።

«እማማ ጥሩ» አልኩ።

ቀና አላሉም። «ማንን ነው የምትጠሪው?»

«እርስዎን።»

ይሄኔ ቀና አሉ። «ልጅቱ ተነፈሰች?»

«ተርፋለች።»

«ተመስገን» አሉና ወደ ገል ለቀማቸው ተመለሱ። ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሸቱን፣ መሳቢያውን፣ ስልኩን። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

ሁለት ገል አንሥተው ጎን ለጎን አጋጠሙ። «እርስዎ አልሽኝ አንቺ አልሽኝ፣ ገል አይገጥምልኝም» አሉ። «እንትፍ ያሰኘሽኝ ሰው ፊት ነው። ይቅርታውም እዚያው ይሁን።»

በማግስቱ የዘመን መለወጫ ቅዳሴ አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲሰበሰብ ቄሱን አስፈቅጄ ቆምኩ። እህቴ የሚጥል በሽታ እንዳለባት ተናገርኩ። ማታውን በእናቴ ስልክ ደውዬ ፈቃዷን ጠይቄያት «ተናገሪ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ» ብላኛለች። መድኃኒቷን ደብቄ እንደዋሸኋት፣ ከውሃው ያወጧት እማማ ጥሩ እንደሆኑ፣ እንትፍ ያሉትም እሷን እንድናነሳ ብለው እንደሆነ ተናገርኩ።

አያ ደሴ ተቆጣ። «እና ጥሩ አልበላቻትም ነው የምትዪን?»

«እኔ ነኝ የበላኋት» አልኩ።

ሰው አንድ በአንድ ተበተነ።

ጋብቻው ቀረ፤ «ለጊዜው ይቆይ» የሚል መልእክት መጣና እንደቆየ ቀረ። እማማ ጥሩ ከመንደሩ አልወጡም። አያ ደሴ ይቅርታ ከአፉ አልወጣም፤ ግን አንድ ቀን በአህያው የሸክላ አፈር ጭኖ ደጃፋቸው ላይ አራገፈና አንድም ቃል ሳይናገር ሄደ። ብዙው ሰው አሁንም «አንቺ» ነው የሚላቸው፤ አልዋሻችሁም።

የአንጓች መድኃኒት በሌላ ተቀየረ። ድዱ እኔ እንደጠበቅኩት በሳምንት አልጎደለም፤ ወራት ፈጀ፣ የተረፈውንም ባሕር ዳር የጥርስ ሐኪም ቆረጠላት። መጀመሪያ ሄዳ ያሳየችው ለእማማ ጥሩ ነው። ወደ ፀሐይ አዙረው ከንፈሯን ገልጠው አዩና «አሁንስ ቢሆን እነቅስሽ ነበር፤ ግን እንዲሁ ያምርብሻል» አሏት። ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ያለ ነጠላ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። መድኃኒቷን ግን ዛሬም ራሷ ወረታ ድረስ መጥታ ነው የምታወጣው። በሱቄ በር ታልፋለች፤ ሰላም ትለኛለች፤ ላውጣልሽ ስላት «ግዴለም እታለም» ትለኛለች። ልክ ናት።

ይህን የምታነቡ፣ የምትወዱት ሰው በመድኃኒቱ ቢጎዳ ሰውዬውን ይዛችሁ ሐኪሙ ፊት አቁሙት። ከእሱ በላይ እናውቃለን ብላችሁ እንደኔ በመሳቢያ አትፍረዱ። በጎረቤታችሁም ስም አትሸሸጉ።

እማማ ጥሩ ዘንድ አሁንም ድስት ልገዛ እሄዳለሁ። ይሸጡልኛል፣ አብሮኝ የመጣውን ገዢም በደህና ይቀበላሉ። «እንደምን ዋሉ እማማ ጥሩ» ስላቸው ግን መጀመሪያ ዓይኔን አያዩም። እንደ ነቃሽነታቸው አፌን ነው የሚያዩት፤ «እንትፍ በዪላት» ያልኩበትን።